ወረቀት የዘጋው፣ መብራት የከፈተው መንደርደሪያ

ጥቅምት 21 ቀን 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 31 ቀን 2000) ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ17 ደቂቃ ላይ የሲንጋፖር አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 006 ከታይዋን ዋና ከተማ ከታይፔ ለመነሣት በሙሉ ኃይሉ እየተንደረደረ ነበር። የሚንደረደርበት አስፋልት ግን በጥገና ላይ ነበር። ከፊቱ በኮንክሪት መከላከያ የታጠረ የሥራ ቦታ፣ በውስጡም ሁለት ኤክስካቫተር፣ ሁለት ሮለር፣ አንድ ትንሽ ዶዘርና አንድ የአየር ኮምፕሬሰር ቆመው ይጠብቁታል። ከተሳፈሩት 179 ሰዎች 83ቱ ሞቱ።

ስለዚህ አደጋ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው ጽሑፍ የሚያተኩረው በአብራሪዎቹ ላይ ነው፤ አውሮፕላኑን የያዙት እነሱ ስለሆኑ ይህ አያስገርምም። እኔ ጉዳዩን የማነሣው ለሌላ አንባቢ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ፎርማኖችን፣ ቀያሾችን፣ የማሽን ኦፕሬተሮችንና ገና ከትምህርት ቤት የወጡ የሳይት መሐንዲሶችን በማሠለጥንበት ክፍል ይህን አደጋ ደጋግሜ አስተምረዋለሁ። አብራሪዎቹ ያን ሌሊት ያዩትንም ያላዩትንም ነገር ያዘጋጁት መሬት ላይ የሚሠሩ ሰዎች ነበሩና። ቀለሙን የቀባው፣ መብራቱን የዘረጋው፣ ማሽኑን አቁሞ ወደ ቤቱ የሄደው፣ «ዝግ ነው» የሚለውን ወረቀት ያዘጋጀው ሰው ሁሉ በዚያ መታጠፊያ ላይ ድርሻ ነበረው።

ደሴ በተራሮች መካከል የተጠጋጋች ከተማ ናት፤ የደሴ መንገደኛ አውሮፕላን የሚሳፈረው የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ላይ ነው። የዚህ አካባቢ የግንባታ ባለሙያ ደግሞ እጁን ያፍታታው በአስፋልት መንገድ፣ በኢንዱስትሪ ፓርኩና በአዋሽ ኮምቦልቻ ሐራ ገበያ የባቡር መስመር ሥራ ላይ ነው። ጎበዝ ሠራተኛ ነው። ነገ ግን የአውሮፕላን ማቆሚያ ሜዳ ማስፋፊያ ላይ ሊመደብ ይችላል፤ ያን ጊዜ ከመንገድ ሥራ የለመደውን ሁሉ ይዞ ይገባል። ከልማዱ ውስጥ የትኛው እዚያ እንደሚገድል ከመሄዱ በፊት እንዲያውቅ እፈልጋለሁ።

ሌሊቱና ምርጫው

አውሮፕላኑ ቦይንግ 747-400 ነበር። ከሲንጋፖር ተነሥቶ ታይፔ ያረፈ፣ ከዚያም ወደ ሎስ አንጀለስ የሚቀጥል በረራ ነው። 159 መንገደኞችና 20 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት፤ ከሠራተኞቹ ሦስቱ አብራሪዎች ናቸው። ሻንግሳኔ የተባለ ታይፉን (ከባሕር የሚነሣ ኃይለኛ አውሎ ነፋስ) ወደ ደሴቲቱ እየቀረበ ስለነበር ዝናቡ ያለማቋረጥ ይወርዳል። የመቆጣጠሪያ ማማው የመነሻ ፈቃድ ሲሰጥ የነፋሱ ፍጥነት 28 ኖት እንደሆነና እስከ 50 ኖት እንደሚደርስ ተናግሯል። በእኛ አቆጣጠር በሰዓት ከ52 እስከ 93 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው።

በያኔው ስሙ ቺያንግ ካይ ሼክ ይባል የነበረው አውሮፕላን ማረፊያ በሰሜን በኩል ጎን ለጎን የተዘረጉ ሁለት መንደርደሪያዎች ነበሩት፤ 05 ግራ እና 05 ቀኝ። በደቡብ በኩል 06 የሚባል ሌላ መንደርደሪያ አለ። አየር መንገዱ አዘውትሮ የሚጠቀመው 06ን ነበር። ያን ሌሊት ግን ካፒቴኑ 05 ግራን መረጠ። ይረዝማል፤ አስፋልቱ በራሰ ጊዜ ርዝመት ትልቅ ዋስትና ነው። ከ11 ሺህ ሰዓት በላይ የበረረ ሰው ለጥንቃቄ ብሎ ያደረገው ምርጫ ነው። ጥንቃቄው ግን በቅርቡ ወዳልሄደበት የማረፊያው ክፍል ወሰደው።

የ05 ቀኝ አንድ ክፍል፣ ኤን 4 እና ኤን 5 በተባሉት መጋጠሚያዎች መካከል ያለው፣ ከሴፕቴምበር 13 እስከ ኖቬምበር 22 ቀን 2000 ለጥገና ዝግ መሆኑ በኖታም ተነግሯል። ኖታም ለአብራሪዎች የሚላክ የማስጠንቀቂያ ማስታወቂያ ነው። አብራሪዎቹ ደርሷቸዋል፤ መዘጋቱንም ያውቁ ነበር። ይህን ነጥብ ክፍል ውስጥ ስናገር ሁልጊዜ አንድ ሰው «ታዲያ ካወቁ ምን ሊያደርጉ ገቡበት?» ይላል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ያለው ደግሞ ሰዎቹ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ አይደለም፤ አስፋልቱም ላይ ነው።

ከዚያ በፊት አንድ ነገር ልጨምር። 05 ቀኝ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ፣ ማለትም ከአደጋው ማግስት አንሥቶ፣ መንደርደሪያነቱ ቀርቶ ታክሲዌይ እንዲሆን ታቅዶ ነበር። ታክሲዌይ አውሮፕላን ከማቆሚያው ወደ መንደርደሪያው በራሱ ሞተር ቀስ ብሎ የሚሄድበት መንገድ ነው። ዕቅዱ ተራዘመ። ስለዚህ አስፋልቱ በዚያ ሌሊት በግማሹ መንደርደሪያ፣ በግማሹ ታክሲዌይ፣ በመሐሉ ደግሞ የግንባታ ቦታ ነበር። በላዩ ላይ የተቀባው ቀለም ግን ገና የመንደርደሪያ ቀለም ነው።

መታጠፊያው

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ስለሆነ በዝግታ ልሂድበት።

አውሮፕላኑ መሄድ የነበረበት እንዲህ ነው። ኤን ፒ በተባለው ረጅም ታክሲዌይ እስከ ጫፉ ይሄዳል። ወደ ቀኝ ታጥፎ ኤን 1 ላይ ይገባል። ኤን 1ን ቀጥ ብሎ ይከተላል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው የ05 ቀኝን መነሻ ነው፤ እሱን አቋርጦ ያልፋል። ከዚያ ወዲያ 05 ግራ ሲደርስ እንደገና ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የሁለቱ መንደርደሪያዎች መካከለኛ መስመሮች የሚራራቁት በ214 ሜትር ነው። አውሮፕላኑ ግን ከኤን ፒ የጀመረውን መታጠፍ ሳያቋርጥ ቀጥሎ 05 ቀኝ ላይ ገባ። ሁለተኛው መታጠፊያ 214 ሜትር ቀደመ ማለት ነው።

ሥልጠናው ላይ ይህን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ እንሥለዋለን። ከዚያ አንድ ሰልጣኝ አረንጓዴ የጠርሙስ ክዳኖች ይዞ የታክሲዌይ መካከለኛ መስመር መብራቶችን በየቦታቸው ያስቀምጣል። ታክሲዌይ በሌሊት የሚታየው በእነዚህ አረንጓዴ መብራቶች ነው፤ አብራሪው ይከተላቸዋል። ወደ 05 ቀኝ የሚያስገባው ኩርባ ላይ ክዳኖቹ ተቀራርበው ይደረደራሉ፤ የሚያምር ቅስት ይሠራሉ። ከዚያ ሰልጣኙ ወደ 05 ግራ የሚወስደውን ቀጥተኛ መስመር ይጀምራል። የምርመራው ሪፖርት እንደሚለው እዚያ ላይ በየ7.5 ሜትሩ 16 መብራቶች ሊኖሩ ይገባ ነበር። የነበሩት 4 ናቸው። ርቀታቸውም ወጥ አይደለም፤ ከመገናኛው ነጥብ በ30፣ በ55፣ በ116 እና በ138 ሜትር ላይ ነበሩ። ከአደጋው ጥቂት ቀናት በኋላ ሲፈተሹ ከእነሱም አንዱ የማይሠራ፣ ሌላው የደበዘዘ ሆኖ ተገኘ።

በዚህ ጊዜ ክፍሉ ዝም ይላል። ወለሉ ላይ ያለው ሥዕል ማብራሪያ አያስፈልገውም፤ አንዱ መንገድ በአረንጓዴ ክዳን ተሞልቷል፣ ሌላው ባዶ ነው። ዝናብ እየወረደ፣ መጥረጊያው እየተመላለሰ፣ ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ በተቀመጠ ኮክፒት ውስጥ ሆኖ የሚያይ ሰው መብራቱን ተከትሎ ይሄዳል።

ቀለሙም ከመብራቱ ጋር ተባብሯል። በኤን 1 ላይ ያለው ቢጫ የመካከለኛ መስመር ቀለም 05 ቀኝን አቋርጦ እስከ 05 ግራ አልተዘረጋም ነበር። በአንጻሩ የ05 ቀኝ የመነሻ ምልክቶች፣ ነጫጭ ሰረዞቹና ቁጥሮቹ፣ እንደነበሩ ነበሩ። መግቢያው ላይ መከላከያ አልተደረገም፤ መዘጋቱን የሚያሳይ የመስቀል ምልክትም አልተቀባም።

እውነቱን ሙሉ ለማድረግ ሌላውን ወገንም መናገር አለብኝ። አብራሪዎቹን ሊያነቁ የሚችሉ ምልክቶች ነበሩ። የ05 ቀኝ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ከመግቢያው አጠገብ ቆሟል። 05 ግራ 60 ሜትር ስፋት ሲኖረው 05 ቀኝ 45 ሜትር ነው። የ05 ግራ መካከለኛ መስመር መብራት ነጭ ነው፤ የ05 ቀኝ አረንጓዴ ነበር። ከሁሉም በላይ ኮክፒቱ ውስጥ አውሮፕላኑ ከትክክለኛው መንደርደሪያ መስመር ጋር ሲገጥም የሚሠራ የማሳያ መሣሪያ ነበር፤ ያን ሌሊት አልገጠመም። አለመግጠሙን አስተዋሉ፤ ተነጋገሩበትም። ካፒቴኑ መንደርደሪያው በዓይን እየታየ ስለሆነ መሣሪያው አያስፈልግም ብሎ አለፈው። እየታየ ነበር፤ ያ የታየው ግን ሌላ መንደርደሪያ ነው።

የማማው ተቆጣጣሪዎች በዚያ ዝናብ አውሮፕላኑን ማየት አልቻሉም። ማረፊያው መሬት ላይ ያሉ አውሮፕላኖችን የሚያሳይ ራዳር አልነበረውም። መንደርደሪያ መግቢያ ላይ ቀይ የማቆሚያ መብራትም፣ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ የጥበቃ መብራትም አልተተከለም። የመነሻ ፈቃዱ የተሰጠው አውሮፕላኑ ገና ወደ ኤን 1 ሳይታጠፍ ነው። ጫፉ ጋ ሲደርሱ ፈቃዱ በእጃቸው ነበር። «ማማው ያየናል፤ ትክክለኛው ቦታ ላይ ነን» የሚል ስሜት ለማሳደር ከዚህ የበለጠ የሚመች ሰዓት አይገኝም።

የሥራው ቦታ

ከመነሻው እስከ ቁፋሮው ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ንጹሕ አስፋልት ነበር። ለዚህ ነው አውሮፕላኑ ለመነሣት የሚበቃ ፍጥነት ላይ ከደረሰ በኋላ የተጋጨው። ካፒቴኑ መሰናክሉን በመጨረሻው ቅጽበት አይቶ አውሮፕላኑን ለማንሣት ሞከረ። አልሆነም። አውሮፕላኑ ተሰባበረ፤ ክንፎቹ የያዙት ነዳጅ ተቀጣጠለ። ከሞቱት አብዛኞቹ መካከለኛው ክፍል ላይ፣ ከነዳጁ በላይ የተቀመጡ ናቸው። 79 መንገደኞችና 4 የካቢን ሠራተኞች ሞቱ፤ ሦስቱም አብራሪዎች ተረፉ።

ሥራ ተቋራጩ ቁፋሮውን ክፍት አልተወውም። አጥሮታል። በመንገድ ሥራ ዓይን ካየነው የሚመሰገን አጥር ነው። ግን አጥሩ ማንን ከምን እንደሚጠብቅ እንጠይቅ። በዝግታ የሚሄድ የአገልግሎት መኪና ጉድጓድ ውስጥ እንዳይገባ ይጠብቃል። ሙሉ ነዳጅ የጫነ ቦይንግ 747 ሲመጣ ግን ያው የኮንክሪት መከላከያ ራሱ አደጋ ይሆናል።

መግቢያው ላይስ ለምን አልታጠረም? መልሱ ቀላል፣ አሳዛኝም ነው። ዝግ የተባለው ከኤን 4 እስከ ኤን 5 ያለው ብቻ ነበር። የቀረው ክፍል ታክሲዌይ ሆኖ ለማገልገል ክፍት ነበር። መግቢያው በወረቀት ላይ የተዘጋ ቦታ መግቢያ አልነበረም። እኔ ከዚህ ጉዳይ ውስጥ አንድ ቃል አውጣ ብባል «በከፊል» የሚለውን አወጣለሁ። በከፊል የተዘጋ ነገር መሬት ላይ የሚመስለው ሙሉ በሙሉ የተከፈተ ነው፤ የተዘጋው ክፍል ሩቅ ነውና።

ሐረጎ ላይ በክረምት ጉም ውስጥ መኪና የነዳ ሰው ይህን ያውቀዋል። መንገዱ በመናድ ምክንያት ወደ ጎን ተቀይሶ እያለ አሮጌው ነጭ መስመር ካልጠፋ፣ ሾፌሩ የሚከተለው ቅያሱን አይደለም፤ መስመሩን ነው። ከመነሻው መናኸሪያ ቢነገረውም ያው ነው።

የጥፋቱ ክርክር

የታይዋን የአቪዬሽን ደኅንነት ምክር ቤት የመጨረሻ ሪፖርቱን ያወጣው በሚያዝያ 1994 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2002) ነው። ለአደጋው ምክንያት ናቸው ብሎ የመደባቸው ግኝቶች በአብራሪዎቹ ላይ ያረፉ ናቸው፤ መንገዱን በሚገባ አለመከለሳቸው፣ የት እንዳሉ ማወቅ ማቃታቸው፣ መሣሪያዎቻቸውን ከሚያዩት ጋር አለማመሳከራቸው። የማረፊያው ጉድለቶች «ከአደጋ ሥጋት ጋር የተያያዙ» በሚል ሌላ ክፍል ተቀመጡ። ሲንጋፖር በዚህ አልተስማማችም፤ የማረፊያው ጉድለቶች ከምክንያቶቹ መቆጠር ነበረባቸው የሚል አቋም ያዘች።

አንድ ትልቅ ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልተፈታም። የ05 ቀኝ የጠርዝ መብራቶች ያን ሌሊት በርተው ነበር ወይስ ጠፍተው? ሪፖርቱ በእርግጠኝነት ሊመልሰው አልቻለም። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። በግንባታ ላይ ያለ መንደርደሪያ መብራቱ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አንድ ሰው ፈርሞ የያዘው መዝገብ ቢኖር ጥያቄው በአንድ ገጽ ይዘጋ ነበር።

ስለ ክርክሩ የራሴን ሐሳብ ልናገር። ሁለቱ ምደባዎች ለፍርድ ቤትና ለመድን ድርጅት ለየብቻ መቀመጣቸው ይጠቅማል። መሬት ላይ ለሚሠራ ሰው ግን «ዋናው ምክንያት አብራሪው ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር አደገኛ ማደንዘዣ ነው። አብራሪ ይሳሳታል፤ ይደክማል፣ ይቸኩላል፣ ታይፉን ያሯሩጠዋል። የዝግ ቦታ ምልክት የሚያስፈልገው ለማይሳሳት አብራሪ አይደለም። ለተሳሳተው ነው።

አሮጌው ኦፕሬተር

ይህን ጉዳይ ባቀረብኩበት አንድ ሥልጠና ላይ ዕድሜያቸው የገፋ የሮለር ኦፕሬተር ነበሩ፤ ወጣቶቹ ሁሉ ጋሼ ይሏቸዋል። ብዙ አይናገሩም። ወለሉ ላይ ያለውን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመለከቱና «ሮለሮቹ የት ላይ ነበሩ?» ሲሉ ጠየቁ። ቦታውን አሳየኋቸው።

አንዷ ወጣት መሐንዲስ «ጋሼ፣ እርስዎ ቢሆኑ የት ያቆሟቸው ነበር?» አለቻቸው።

«ልጄ፣ እኔማ የማቆመው ጠዋት ሥራ የምጀምርበት ቦታ ላይ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያደረግሁት እሱን ነው» አሉ። ትንሽ ቆዩና ቀጠሉ፦ «ማሽን ወደ ካምፕ መመለስ ነዳጅ ነው፤ ሰዓት ነው። ፎርማኑ ይቆጣል። እንዲያው ማን ነው ‹መልሰው› የሚለኝ?»

ከሥልጠናው ሁሉ የተሻለው ጥያቄ ይህ ነበር። ማንም አይልም። መንገድ ሥራ ላይ ማሽን ሥራው ቦታ ማደሩ የተለመደ ነው፤ ዘበኛ ይቀመጥለታል፣ ጎማው ሥር ድንጋይ ይደረጋል፣ አበቃ። አውሮፕላን በሚንቀሳቀስበት ሜዳ ግን ማሽኑ ማደሪያ ቦታው በሥራ ፕላን ላይ ተሥሎ፣ የመመለሻው ሰዓትና ነዳጅም በዋጋው ውስጥ ተቆጥሮ መግባት አለበት። አለዚያ ጋሼ ብቻቸውን ከፎርማኑ ጋር እንዲጣሉ እየጠበቅን ነው።

መሬቱን ዝግ ማድረግ

ኢትዮጵያ የእ.ኤ.አ. 1944ቱን የቺካጎ ስምምነት ከተቀበሉት አገሮች አንዷ ናት። በዚያ ስምምነት ሥር የዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የሚያወጣው አኔክስ 14 የአውሮፕላን ማረፊያ ንድፍና አሠራር መመዘኛ ነው። ስለዚህ እኛ እንደ ባዕድ ደንብ የምናየው አይደለም፤ የራሳችን ግዴታ ነው።

ከአኔክስ 14 ውስጥ ለግንባታ ሰው የሚበጁት ገጾች ጥቂት ናቸው። ዝግ በሆነ መንደርደሪያ ላይ ነጭ፣ ዝግ በሆነ ታክሲዌይ ላይ ቢጫ የመስቀል ምልክት ይደረጋል። በዝግ ቦታ ያለ መብራት ለጥገና ካልሆነ በቀር አይበራም። ሦስተኛው ደግሞ ሰልጣኞቼ በቃላቸው እንዲይዙት የምጠይቀው ነው፤ ዝግ የሆነው ክፍል በሌሊት አገልግሎት ከሚሰጥ መንደርደሪያ ወይም ታክሲዌይ ጋር ከተገናኘ፣ በመግቢያው አግድም ቢበዛ በየ3 ሜትሩ ቀይ የማስጠንቀቂያ መብራት ይደረደራል።

እስቲ 05 ቀኝ ላይ እናስላው። ስፋቱ 45 ሜትር ነው፤ በየ3 ሜትሩ 15 ክፍተት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ 16 መብራት ይሆናል። መግቢያው እንደ ዝግ ቦታ መግቢያ ተቆጥሮ 16 ቀይ መብራቶች ቢሰለፉበት ኖሮ አውሮፕላኑ አፍንጫውን ሲያዞር ፊት ለፊት ያያቸው ነበር። መግቢያውን ግን «በከፊል» የሚለው ቃል ከደንቡ ውጭ አወጣው።

በማቆሚያ ሜዳ ላይ ሲሆን ነገሩ ይበልጥ ጥብቅ ይሆናል። ፍጥነቱ ዝቅተኛ ነው፤ ርቀቱ ግን በሜትር የሚቆጠር ነው። የአገር ውስጥ በረራ ላይ በብዛት የምናየው ባለ ፕሮፔለሩ አውሮፕላን ኪው 400 ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 28.4 ሜትር ይሰፋል። ለዚህ መደብ አውሮፕላን በማቆሚያው ላይ ከሌላ አውሮፕላን ወይም ከማንኛውም ዕቃ ጋር ቢያንስ 4.5 ሜትር ክፍተት ይጠየቃል። አብራሪው የክንፉን ጫፍ ከዕቃው ጋር አስተያይቶ በሴንቲ ሜትር አይለካም፤ የሚከተለው ቢጫውን መስመር ነው። ቀያሹ መስመሩን ለአዲሱ ማቆሚያ ሲያዛውር አሮጌውን ጥቁር ቀለም ቀብቶ ብቻ ከተወው፣ ዝናብ በጣለ ቀን፣ ፀሐይ በጎን ስትመታው፣ ሁለቱም መስመሮች እኩል ያበራሉ። አሮጌው መስመር ተፍቆ መነሣት አለበት። ይህ ከሁሉም ትንሹ ሥራ ይመስላል፤ እኔ ግን ርክክብ ላይ መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ጠጠሩም አለ። የኪው 400 ፕሮፔለር ከ4 ሜትር በላይ ዲያሜትር አለው፤ የሚገፋው አየር ሽፋን የሌለውን አሸዋ ያስነሣል፣ በሚገባ ያልተያዘ ኮን ይጥላል፣ ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ወደ ሞተር ይወስዳል። የመንገድ ኮን አውሮፕላን አጠገብ የሚቆመው ከሥሩ ክብደት ሲኖረው ነው፤ ክብደቱ ደግሞ ድንጋይ መሆን የለበትም። ዝቅተኛ፣ በቀላሉ የሚሰበር፣ በውኃ ወይም በአሸዋ የተሞላ የፕላስቲክ መከላከያ ለዚህ የተሠራ ነው። ክንፍ ወይም ፕሮፔለር ቢነካው እሱ ይሰበራል እንጂ አውሮፕላኑን አይሰብርም።

እንደ ኮምቦልቻ አንድ መንደርደሪያ ብቻ ያለው ማረፊያ ከታይፔ ጋር አይመሳሰልም፤ ተሳስቶ የሚገባበት ሌላ መንደርደሪያ የለም። ይህ ሥጋቱን አያጠፋውም፤ ወደ ማቆሚያ ሜዳው ያዞረዋል። ግማሹ ሜዳ ሲቆፈር ግማሹ ያገለግላል፤ መግቢያው አንድ ስለሆነ ገልባጭ መኪናውም፣ የነዳጅ ቦቴውም፣ መንገደኛውም፣ አውሮፕላኑም በዚያው ይጠባበቃሉ። በእጁ ምልክት እያሳየ አውሮፕላኑን የሚያስቆመው ሠራተኛ ትናንት የቆመበት ቦታ ዛሬ ተቆፍሮ ሊያገኘው ይችላል። ስለዚህ በየዕለቱ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ሥራ ሲቆም፣ የሳይት መሐንዲሱና የማረፊያው ኃላፊ አብረው በእግራቸው ዞረው ማየት አለባቸው። በመኪና መስኮት የሚታይ ነገር አይደለም። ሲመሽ ደግሞ አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አውሮፕላኑ ከሚመጣበት አቅጣጫ መመልከት ያስፈልጋል፤ ሁላችንም ሳይታችንን የምናውቀው ከራሳችን ወገን ቆመን ነው።

ቀይ መብራቶቹን፣ የመስቀል ምልክቱን፣ የአሮጌ መስመር ፍቆ ማንሣቱን፣ የፕላስቲክ መከላከያውንና የማሽን መመለሻውን በጨረታ ሰነዱ የሥራ ዝርዝር ውስጥ እያንዳንዳቸውን በራሳቸው ተራ ቁጥር፣ በራሳቸው መለኪያና ዋጋ አስገቧቸው። «ልዩ ልዩ የደኅንነት ወጪ» በሚል አንድ መስመር ከተጠቀለሉ ተቋራጩ ዋጋ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚቀንሰው ከዚያ ነው፤ ተቆጣጣሪውም የሚቆጥረው ነገር አይኖረውም። 16 መብራት ተብሎ ከተጻፈ ግን ሲመሽ ወጥቶ ይቆጥራል፤ 15 ከሆኑም ክፍያው ላይ ይጽፈዋል።